ገጽ አሥራ ዘጠኝ

ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የስብሰባው ደወል ሲደወል፣ «ዶክተር» ከወንበሯ የተነሳችው ፈገግ ብላ ነበር። ለአምስት ወር የደከመችበት ጥናት ዛሬ ፍሬ ሊያፈራ ነው ብላ ነበር ያሰበችው።

ጫማ ፋብሪካው ውስጥ ዶክተር የማይላት የለም እንጂ ዶክተር አይደለችም። የተማረችው የሥራ ቦታ ሥነ ልቦና ነው፤ ሰው ሥራው ላይ ለምን እንደሚተጋ፣ ለምን እንደሚለግም፣ አደጋ እያየ ለምን አፉን እንደሚዘጋ ማጥናት። ሥራ አስኪያጁ ታላቅ ወንድሟ ነው፤ ፋብሪካውን ያቋቋሙት ደግሞ ሟች አባታቸው። ወንድሟ «የሠራተኛው ልብ ለምን እንደሸፈተ አጥኚልኝ» ብሎ ሲጠራት፣ ሥራዋን ጨርሳ ወደ ቀድሞ መሥሪያ ቤቷ ልትመለስ ነበር ሐሳቧ። የሷው ልብ ሸፍቶ እዚያው ይቀራል ብሎ ማን ጠረጠረ!

ልቧን የወሰደው የጥገና ሠራተኛው ነው። በስሙ የሚጠራው የለም፤ «ጆሮ» ነው የሚሉት። አንድ ማሽን ሲታመም የካቻቪቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ጆሮው ላይ አድርጎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል። ከዚያ «እዚህ ጋ ነው ያመማት» ይላል፣ ሰው የሚያክም ይመስል። ተሳስቶ አያውቅም።

ከዕቃ ግምጃ ቤቱ አጠገብ ባለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ ሠራተኛውን አንድ በአንድ ስታነጋግር ለሁሉም የምትለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል።» ጆሮ በመጀመሪያው ቀን ለሃያ ጥያቄ ሃያ ጊዜ «ደህና ነው» ብሎ መልሶ ወጣ። በማግስቱ ሳትጠራው መጣና የሚንገዳገደውን ወንበሯን ጠግኖ ሄደ። በሳምንቱ መስኮቱን ሠራላት። በሦስተኛው ሳምንት የሚጠገን ነገር ስላለቀ ዝም ብሎ መጥቶ ተቀመጠ። ሁለት ወር ሙሉ «እርስዎ» ሲላት ቆይቶ፣ አንድ ቀን ምላሱን አዳልጦት «አንቺ» አላት። ሁለቱም ደንግጠው ወለሉን አዩ። ከዚያ በኋላ ወደ «እርስዎ» መመለስ አልተቻለም።

አንድ ቀን ለማንም ያልነገረውን ነገራት።

ከሁለት ዓመት በፊት ነው። የሶል መቁረጫው ማሽን ሲቆም ትርፍ ድምፅ ያሰማ ጀመር፤ ፔዳሉ ተለቆ እንኳ ምላጩ ትንሽ ወረድ ይላል። ጆሮ ለመስመር ኃላፊው አመለከተ። ኃላፊው «ይሄ ትዕዛዝ እስኪያልቅ አፍህን ዝጋ» አለው። ዘጋ። በአራተኛው ቀን ምላጩ የማሽኑን ሠራተኛ የቀኝ እጅ አራት ጣት ወሰደ። ያ ሰው የልጅነት ጓደኛው ነው። የታላቅ እህቱም ባል ነው። ዛሬ የፋብሪካው በር ጠባቂ ሆኗል።

«እሱ አያውቅም» አላት ጆሮ የዚያን ቀን፣ መዳፉን እያየ። «እትዬም አታውቅም። በየቀኑ በር ላይ ቁጭ ብሎ "እንደምን አደርክ" ይለኛል። እኔም ጎንበስ ብዬ የጫማውን ክር አስርለታለሁ። በአንድ እጁ ያስቸግረዋል።»

እጁን ያዘችው። በዚያ ክፍል ውስጥ ሊደረግ የማይገባው ነገር የዚያን ቀን ተደረገ፤ አጥኚና ተጠኚ መሆናቸው ቀረ።

እንግዲህ ረቡዕ ጠዋት ሠራተኛው ሁሉ ምግብ አዳራሹ ውስጥ ሲሰበሰብ፣ እሷ ከወንድሟ ጎን ፊት ለፊት ተቀምጣ በዐይኗ የምትፈልገው አንድ ሰው ነበር። አገኘችው፤ ከኋላ፣ የእጅ መታጠቢያው ጋ ቆሟል። ዐይን ለዐይን ሲገጣጠሙ ማንም ሳያይ በአንድ ቅንድቡ ሰላም አላት። ጉንጯ ጋለ።

ወንድሟ ሰኞ ያስረከበችውን ሰማንያ ገጽ ሪፖርት ይዞ ተነሳ። መነጽሩን አደረገ፤ ምልክት ያደረገበትን ገጽ ገለጠ። ጉሮሮውን ጠረገና ማንበብ ጀመረ።

«"በጥገና ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለ አንድ ሠራተኛ፣ የሶል መቁረጫው ማሽን ጉድለት እንዳለበት አደጋው ከመድረሱ አራት ቀን አስቀድሞ ያውቅ ነበር። ለማሽኑ ሠራተኛ ግን አልነገረም።"» ቀና አለ። «ጥገና ክፍል ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሠራ ስንት ሰው አለን? አንድ። የሰው እጅ ሲቆረጥ እያወቀ ዝም ያለ ሰው ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ግቢ ውስጥ ሥራ የለውም።»

 ሁለት መቶ ሰው ትንፋሹን ዋጠ። የስፌት ክፍሏ ሴት፣ ወሬ ስለማያመልጣት «ዋና ዜና» የሚሏት፣ አፏን በሁለት እጇ ይዛ ቀረች።

ዶክተር ክው አለች። የሰማችው ቃል የሷ ቃል መሆኑ እስኪገባት ጊዜ ወሰደባት። 

በሩ ጋ የቆመው በር ጠባቂ ቆቡን አወለቀ። በተረፈችው አውራ ጣቱ ደረቱ ላይ አስደግፎ ያዘው።

«ጆሮ» አለ፣ ቀስ ብሎ፣ ቤታቸው ውስጥ ያሉ ይመስል። «እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አለ ጆሮ።

 ከመሄዱ በፊት ዞሮ ዶክተርን አያት። ቢቆጣ፣ ቢሰድባት፣ ቢጠላት ኖሮ በተሻላት። ያየችው ግን የገረመው ሰው ዐይን ነበር፤ በገዛ ቤቱ በር ላይ «ማንን ፈልገህ ነው?» የተባለ ሰው ዐይን።

* * *

«ማስታወሻዬን ማን ሰጠህ?» አለች ወንድሟ ቢሮ እንደገባች፣ በሩን እንኳ ሳትዘጋ። «ጋሼ፣ መሳቢያዬን ማን ከፈተው? ያ ለኔ ብቻ የተነገረ ነገር ነው!»

«ምን መሳቢያ አመጣሽ?» ወንድሟ ሪፖርቱን በጠረጴዛው ላይ ወደ እሷ ገፋው። «ያንቺው ጽሑፍ ነው። ገጽ አሥራ ዘጠኝ። ፊርማሽም ከታች አለ።»

አየችው። የራሷ ዓረፍተ ነገር ነው። ስም አልጻፈችም፤ ስም ካልተጻፈ ሰውየው የተሰወረ መስሏት ነበር። «በጥገና ክፍል»፣ «አሥራ አንድ ዓመት»… እነዚህን ሁለት ቃላት ስትጽፍ ለጥናቱ ክብደት ይሰጡታል ብላ ነበር። ጥገና ክፍል ውስጥ ያሉት ግን አራት ሰዎች ናቸው፤ ሦስቱ የተቀጠሩት አምና ነው። ስሙን በትልቁ ግድግዳ ላይ ብትለጥፈው ከዚህ አይብስም ነበር። ማንም አልሰረቃትም። ያስረከበችው ራሷ ናት፣ በገዛ እጇ፣ አስጠርዛ።

ጣቷን በመስመሩ ላይ ስትስብ ግን አንድ ሌላ ነገር አየች።

«ለምን እዚህ ላይ አቆምክ?» አለች።  «ቀጥሎ እኮ "ለቅርብ አለቃው አመልክቶ ዝም እንዲል ታዝዟል" ይላል። ይሄንን ለምን አላነበብከውም?»

ወንድሟ መነጽሩን አውልቆ መጥረግ ጀመረ። «ሰዓት እየሄደ ነበር።»

«አንድ መስመር እኮ ነው!»

«አንቺ ደግሞ» አለ በድንገት ቀና ብሎ፣ «ለዚህ ሰውዬ እንዲህ የምትንገበገቢው ለምንድነው? የሚወራውን አልሰማም መሰለሽ? የአባታችን ልጅ ከጥገና ሠራተኛ ጋር ዕቃ ግምጃ ቤት ጓሮ ትቀመጣለች ሲባል እናታችን ብትሰማ ምን ትሆናለች? ንገሪኝ፤ ከሱ ጋር ምን አለሽ?»

እዚህ ላይ ነበር የምትጠየቀው። ለሁለት መቶ ሰው «ለምን ፈራህ፣ ለምን ፈራሽ» እያለች የኖረችው ሴት፣ ተራዋ ሲደርስ አፏ ደረቀ። እናቷ ዐይኗ ላይ ድቅን አሉባት። አዎ ካለች ሪፖርቱ ሁሉ የወረት ሥራ ይባላል፣ የሱም ነገር ይብስበታል ስትል ራሷን አታለለች።

«ምንም» አለች። «ከሱ ጋር ምንም የለኝም።»

ከበሩ ውጭ ወንበር ሲንፏቀቅ ተሰማ። ዘወር አለች። በሩ ገርበብ እንዳለ ነው። ጸሐፊዋ ጠረጴዛ ፊት ጆሮ ቆሟል፤ የስንብት ደብዳቤውን ሊቀበል መጥቶ ነው። እስክሪብቶው በእጁ ነበር። ፈረመ። እስክሪብቶውን በጥንቃቄ ከነክዳኑ መልሶ ለጸሐፊዋ ሰጣትና «አመሰግናለሁ» ብሎ ወጣ።

ዶክተር አልተከተለችውም፤ ከወንድሟ ፊት እንደቆመች ቀረች።

* * *

ከምሳ በኋላ ዋና ዜና የታጠፈች ወረቀት አምጥታ ጠረጴዛዋ ላይ አኖረች። ለወትሮው ወሬ ሳትጠይቅ የማትሄደው ሴት፣ ዛሬ ፊቷን እንኳ ሳታያት ወጣች። ያም ራሱን የቻለ ድንጋጤ ነበር።

ወረቀቷ ከጥገና መዝገብ ላይ የተቀደደች ናት። ጽሑፉ የጆሮ ነው።

«ለተከበሩ ዶክተር፣

በእርስዎ ላይ ቅሬታ የለኝም። የተናገርኩት እውነት ነው፤ እርስዎም የጻፉት እውነት ነው። እውነት በመጻፍዎ ልወቅስዎ አልችልም። እኔ ግን ያንን ቀን የነገርኩት ለዶክተር አልነበረም። እጄን ለያዘችኝ ሰው ነበር። ያቺ ሰው ምንም እንደሌላት ዛሬ በራሴ ጆሮ ሰማሁ። ስሕተቱ የኔ ነው፤ ማሽን ማዳመጥ እንጂ ሰው ማዳመጥ አልችልበትም።

መስኮትዎ ዝናብ ሲሆን ያብጣል። በኃይል አይግፉት፤ ከታች ቀና አድርገው ይክፈቱት።

ጤና ይስጥልኝ።»

«እርስዎ» የሚለውን ቃል ደጋግማ አነበበችው። ክብር ነው፤ ሰው ለእናቱ የሚሰጠው ክብር ነው። እንዲህ አድርጎ ከደጅ የሚያስወጣ ቃል ግን በሕይወቷ አጋጥሟት አያውቅም። ቢሰድባት ኖሮ ትመልስለት ነበር። የመስኮቷን ነገር ያሰበላት ጊዜ ግን አንጀቷን በላው፤ ፊቷን በሁለት እጇ ይዛ ብዙ ቆየች። እንባ እንኳ አልመጣላትም።

* * *

ከሰዓት በኋላ አሥር ሰዓት ላይ ቤታቸው ሄደች። ጆሮ የሚኖረው ከእህቱና ከባሏ ጋር፣ ከአንድ እንጨት ሥራ ቤት ኋላ ባሉ ሁለት ክፍሎች ውስጥ ነው። መጋዙ ሲጮህ ግድግዳው ይንቀጠቀጣል። እህቱ የሥራ ልብስ እየተኮሰች ነበር። ቀና ብላ አየቻትና መተኮሷን ቀጠለች።

«የቀረሽ ነገር አለ?» አለቻት። «ልትጨርሺ ነው የመጣሽው?»

«ጆሮን ፈልጌ ነው።»

«የለም። ወጥቶ ሄዷል። ሁለት ዓመት አብሬው በልቼ፣ አብሬው አልቅሼ፣ የባሌን እጅ ያስቆረጠው ወንድሜ መሆኑን በስብሰባ ተነግሮ ከሰው አፍ ሰማሁ። ወንድሜ ያጠፋው ጥፋት አንድ ነገር ነው። አንቺ ግን ምናችን ነሽና ነው በአደባባይ የዘረገፍሽን?»

 «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች ዶክተር። «ስሙን ያልጻፍኩ መስሎኝ እሱን ጻፍኩት። ልክ አልነበረም። ያልተነበበ ግን አንድ ነገር አለ፤ ለአለቃው አመልክቶ ነበር። ዝም በል ተብሎ ነው። እሱን ልንገራችሁ ነው የመጣሁት።»

በር ጠባቂው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር።  ቀና አለ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እሱን አውቃለሁ» አለ።

የሚስቱ እጅ ካውያው ላይ ቆመ። «ምኑን ነው የምታውቀው?»

«ሁሉንም።» ወደ ዶክተር ዞረ። «ይቀመጡ ዶክተር። ዛሬ ካልተናገርኩ መቼም አልናገር። ማሽኑ አጠገብ ቀኑን ሙሉ የምቆመው ማን ነበር? እኔ አይደለሁም? ጆሮ በካቻቪቴ የሰማውን እኔ በእግሬ ሰምቼዋለሁ። ፔዳሉን ለቅቄው ምላጩ ወረድ ሲል በዐይኔ አይቻለሁ። ግን በዚያ ሳምንት ምክትል የመስመር ኃላፊ ሊያደርጉኝ ነበር። ማሽን አስቁሞ ምክትል የሆነ ሰው አይተው ያውቃሉ? "ለጥቂት ቀን ነው፣ እጠነቀቃለሁ" አልኩ።»



«ደግሞ የመስመር ኃላፊው ስልክ ሲደውል ከኋላው ቆሜ ነበር። ጆሮ ያለውን ነገረው። ከዚያ "እሺ ሥራ አስኪያጅ፣ እሺ፣ ትዕዛዙ እስኪያልቅ ዝም ይላል" ብሎ ዘጋ። ዛሬ ጆሮን ያባረረው ሰው ነው በዚያኛው ጫፍ የነበረው።»

ዶክተር ነገሩ ገባት። ወንድሟ። ገጽ አሥራ ዘጠኝን አንብቦ አንዲት መስመር ሲቀረው ያቆመው ወንድሟ።

«እና ሁለት ዓመት ሙሉ…» አለች ሚስቱ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ጆሮ የጫማዬን ክር ሲያስር ከፊቱ ላይ አነበዋለሁ። ራሱን እየበላ እንደሆነ አውቃለሁ። "እኔም ሰምቼ ነበር" ብዬ ብነግረው ከላዩ ላይ ግማሹ ሸክም ይወርድለት ነበር። አላልኩም። ዛሬም በሰው ፊት "እውነት ነው?" ብዬ እንዳላወቀ ሰው ጠየቅኩት።» ድምፁ ተሰበረ። «የሚንከባከበኝ ነገር ተመቸኝ። እጄን ለሹመት ብዬ ራሴ እንደሰጠሁ ከማመን፣ የሌላ ሰው ጥፋት ሆኖ ቢቀር ተሻለኝ።»

የተቃጠለ ጨርቅ ሸተተ። ካውያው በልብሱ ላይ እንደተቀመጠ ሦስቱም ረስተውታል። ሚስቱ አንስታ አቆመችው፤ ጥቁር ሦስት ማዕዘን የቀረበትን ልብስ አየች። የባሏ የጥበቃ ልብስ ነው።

«አንተ ሰው» አለች በሹክሹክታ፣ «ከማን ጋር ነው እስከ ዛሬ የኖርኩት?»

አጠገቡ ተቀመጠች። ዶክተር ቀስ ብላ ወጣች። ውጭ መጋዙ ቆሟል። እንዲህ ያለ ጸጥታ ከዚያ በፊት አስፈርቷት አያውቅም።

* * *

በማግስቱ ሐሙስ ጠዋት ከጸሐፊዋ ቀድማ ገባች። ወንድሟ መስኮቱ ጋ ቆሞ ነበር።

«ስልኩን ያነሳኸው አንተ ነህ?» አለችው።

«የትኛውን ስልክ?» አላለም። እንዲል ትመኝ ነበር። ይካድልኝ፣ ይቆጣልኝ ብላ በልቧ ለመነች።

«ሰዓቱን እንኳ አስታውሰዋለሁ» አለ። «አምስት ተኩል ነበር። "አራት ቀን ነው የቀረው" አልኩት። ስልኩን ዘግቼ ሻይ ጠጣሁ። እንደዚያ ነው የሆነው እህቴ፤ ከዚህ ሌላ ምንም የለውም። ሻይ ጠጣሁ።»

ወንበር ላይ ቁጭ አለ። አባታቸው ከሞቱ ወዲህ እንዲህ ተጨማድዶ አይታው አታውቅም።

«ሪፖርትሽን ሳነብ የሚቀጥለው መስመር ላይ ስሜ የሚመጣ መሰለኝ። ሰውነቴ በላብ ራሰ። ገጹን ዘለልኩት፣ ተመለስኩ፣ አነበብኩት። ስሜ የለም። ግን ነገ ከነገ ወዲያ ይመጣል አልኩ። እሱ ቀድሞ ከወጣ ማን ያምነዋል ብዬ…»

«ፈርተህ ነው።»

«ፈርቼ ነው።»

ልትጮኽበት ነበር የመጣችው። ወንበር ስባ ፊት ለፊቱ ተቀመጠች። ትናንት እዚሁ ወለል ላይ ቆማ «ምንም የለኝም» ያለችው እሷም ፈርታ ነው።

«ነገ ራስህ ትነግራቸዋለህ» አለችው። «አንተ ካልነገርክ እኔ እነግራለሁ።»

«እናታችን ትሰማለች።»

«ትስማ፣ ጋሼ። ይበቃናል።»

* * *

ዓርብ ጠዋት ደወሉ እንደገና ተደወለ። ሠራተኛው ወደ ምግብ አዳራሹ የገባው እያጉረመረመ ነበር፤ ደግሞ ማን ሊባረር ነው እያለ።

ወንድሟ ወረቀት አልያዘም። ቆመና ስልኩን ያነሳው እሱ መሆኑን፣ ምን ብሎ እንዳዘዘ፣ ጆሮን ያባረረው ራሱን ለማዳን እንደሆነ ተናገረ። የስንብቱ ደብዳቤ ተሰርዟል፤ ነገሩን ለሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ራሱ ያመለክታል፤ የሚመጣበትንም ይቀበላል። ሲጨርስ ያጨበጨበ የለም፣ የተሳደበም የለም። አንድ ሽማግሌ ብቻ ከመካከል «ወይ ጉድ!» አሉ፤ እሱም የሁሉም ቃል ሆኖ ቀረ።

ቀጥላ ዶክተር ተነሳች። ሁለት እጇን አንድ ላይ ቆልፋ ያዘች።

«ማንም ማስታወሻዬን አልሰረቀም» አለች። «እዚህ የተነገረ እዚህ ይቀራል ብዬ ለሁላችሁም ማልኩ። ከዚያ አንድ ሰው፣ ከሁለት መቶ ሰው መካከል ተለይቶ እንዲታወቅ አድርጌ ጻፍኩት። በክፋት አይደለም፤ ግን እንዲህ ማለቴ ጉዳቱን አያቀለውም። ሪፖርቱን መልሼ ወስጃለሁ። ከዛሬ ጀምሮም እዚህ አልሠራም። የነገራችሁኝን ወረቀት እያንዳንዳችሁ መጥታችሁ ከእጄ ትወስዳላችሁ።»

አዳራሹ ተንሾካሾከ። ከስፌት ክፍል ወንበሮች መካከል ዋና ዜና ብድግ አለች።

«አንድ ጥያቄ!» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ዶክተር፤ እኔ በሆዴ የማይቀር ሰው ነኝ። ይሄ ሁሉ ለጥናቱ ነው ወይስ ለጆሮ?»

ሰው ሳቀ፤ ሳቁ ግን ወዲያው ተቆረጠ፣ ሁሉም መልሱን ፈልጎ። ወንድሟ ወለሉን አየ። ዶክተር ረቡዕ የደረቀው አፏ አሁንም ሊደርቅባት እንደሆነ ተሰማት። ሁለተኛ እስኪደርቅ ግን አልጠበቀችም።

«ለጆሮ ነው» አለች። «ረቡዕ ዕለት ወንድሜ ጠይቆኝ ከሱ ጋር ምንም የለኝም ብዬ ዋሽቻለሁ። እወደዋለሁ። እሱ አሁን ይወደኛል አልልም፤ መብቱም የለኝም። እኔ ግን እወደዋለሁ።»

የተናገረችውን በራሷ ጆሮ ስትሰማ የሰው ሁሉ ያህል ደነገጠች። የስፌት ሴቶች «እልል» ሊሉ ይሁን «ኧረ» ሊሉ ሳይወስኑ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። ዋና ዜና ግን ቁጭ አለች፤ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትጨምረው ወሬ አጣች።

ያኔ ነው የበሩ አካባቢ ሰው ወደ ግራና ቀኝ ሲከፈል ያየችው። በር ጠባቂው ቆሟል። ከጎኑ፣ ክንዱን በደህናው እጁ ይዞ ያመጣው ጆሮ ነበር። ምን ያህል እንደሰማ ከፊቱ ማወቅ አይከብድም፤ ሁሉንም ሰምቷል። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

ዘወር ብሎ ወጣ።

እሷም ወጣች። እንዴት በሰው መሀል እንዳለፈች አታውቅም። ግቢው ውስጥ፣ የቆዳ ጥቅል በተከመረበት ጥግ ደረሰችበት።

«እንዲህ ያለ ነገር በሰው ፊት ይባላል?» አላት፣ ሳይዞር።

«አላሰብኩበትም።»

«ሁለት ቀን ሙሉ የምነግርሽን ሳዘጋጅ ነበር እኮ። አንድ በአንድ። እዚያ ቆሜ ስሰማሽ አንዱም አልተረፈልኝም።» ዞረ። ዐይኑ የቀላው ከልቅሶ ነው። «ትናንት ጓደኛዬ አገኘኝ። እሱም ሰምቶ እንደነበር ነገረኝ። ተናድጄ ልመታው ተነሳሁ፤ ሲያለቅስ አየሁትና አብሬው አለቀስኩ። ምን እንደተሰማኝ እስካሁን አላውቀውም። ሸክሙ ወረደልኝ እንዳልል ጣቶቹ የሉም። አልወረደም እንዳልል ከሁለት ዓመት በኋላ ትናንት ተኝቼ አደርኩ።»

«ከኔስ ጋር?»



«አሞኛል» አለ። «የጻፍሽው አይደለም፤ እሱን ስሕተት ነው እላለሁ። ያ "ምንም" ያልሽው ነው ያመመኝ። እስኪሽር ጊዜ ይወስዳል። ዛሬ ደህና ነኝ ብልሽ መዋሸት ነው።»

«አትዋሸኝ።»

«አልዋሽሽም። ግን ልሄድ ብዬ ነበር፤ ከዚህ ግቢም፣ ከዚህ ሠፈርም። አሁን እግሬ እምቢ አለኝ።»

ረቡዕ እምቢ ያላት እንባ ያን ጊዜ መጣ፤ በድንገት፣ ሳይጠራ፣ ትከሻዋ እስኪንቀጠቀጥ። ጆሮ ደነገጠ። እጁን አየ፤ የዓመታት ቅባት ገና አልለቀቀውም። የሸሚዙን እጅጌ ወደ ታች ስቦ መዳፉን ሸፈነና በዚያ ክርኗን ያዘ፤ ይህች ሴት ከየት በኩል ቢይዟት እንደማትሰበር የማያውቅ ሰው ይመስል።

ከአዳራሹ የሰው ድምፅ ይሰማል። ወንድሟ አሁን ምን እየተባለ ይሆን? እናቷስ እስከ ምሳ ሰዓት አይሰሙም? ከዛሬ ጀምሮ ሥራ የላትም፤ ስሟ በሁለት መቶ ሰው አፍ ውስጥ ነው፤ የሚወዳት ሰው ደግሞ ገና ቂሙን አልጨረሰም። በዚህ ሁሉ መካከል ክርኗ ላይ ያረፈው እጅ ይሞቃል። ከመሞቁም በላይ ያስገረማት ግን ሌላ ነው፦ ፍርሃቷን ስትፈልገው አጣችው። በልቧ በየጓዳው፣ በየኪሱ ብትፈልገው የለም። እንዲህ ባዶ መሆን አስደንግጧት፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ባዶነቱን ወደደችው።